ሻይ ጀንፈል የለውም፦ ፋብሪካው የገበሬው ሆኖ ሳለ የኬንያ ገበሬ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄው፦ «አባቴ ኢሉባቦር ውስጥ ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ ሻይ ተክለዋል። ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። ቅጠሉን የሚረከብ ፋብሪካ እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል፤ የሚፈርሙት ውልም አለ። ኬንያ ውስጥ ፋብሪካው የገበሬው ነው ሲባል እሰማለሁ። ግን በየዓመቱ ቦነስ በሚከፈልበት ሰሞን ገበሬዎቹ ሰልፍ ሲወጡ በዜና አያለሁ። ባለቤት ከሆኑ በማን ላይ ነው የሚጮሁት? እኛስ ምን እንማር? አንዳንድ ጊዜ አባቴን ንቀሉት ልላቸው ያምረኛል።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ «ባለቤት ከሆኑ በማን ላይ ነው የሚጮሁት?» ያልከው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙያዬ በአነስተኛ ገበሬዎችና በፋብሪካዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ማጥናት ነው። የዘርፉ ትልቁ ጉዳይም ይኸው አንተ የጠየቅከው ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። የኬንያ ዓመተ ምሕረቶችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከቡና ልጀምር፣ ቡናን አንተም አባትህም ታውቁታላችሁና። የእሸት ቡና ዋጋ ካልጣማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ታሰጡታላችሁ። ይደርቅና ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉ ቤት ይቀመጣል። ዋጋ ሲሻል ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይወጣል። ነጋዴው በዋጋ ቢያስቸግር «ተወው» ማለት ይቻላል። የቡና ገበሬ ብዙ ጉዳት ቢደርስበትም ይቺን «ተወው» የምትል ቃል አላጣም።

ሻይ ጀንፈል የለውም። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ከረጢት ውስጥ ታጭቆ ከቆየ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ይበላሻል። ራቅ ካለ ቦታ ሌላ ገዢ እስኪመጣ አይጠብቅም። ለማቀነባበር ደግሞ ማጠውለጊያ፣ መፍጫና ማድረቂያ ማሽን ያስፈልጋል፤ ይህ ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስለዚህ አባትህ ቅጠሉን ከቀጠፉባት ደቂቃ ጀምሮ የመደራደር አቅማቸው ያልቃል። የሻይ ገበሬ የሚደራደረው ቅጠሉ ገና ቁጥቋጦው ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ቀድሞ በተጻፈ ደንብ ይሄዳል። ደንቡን ማን ጻፈው? መከበሩን ማን ያያል? የእሴት ሰንሰለት አስተዳደር (ምርቱ ከማሳ እስከ ሸማቹ በሚሄድበት መንገድ ማን ማንን ያዝዛል) የሚባለው ነገር ሲራቆት ይኸው ነው።

ጌሬፊ፣ ሃምፍሪና ስተርጀን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እነዚህን ግንኙነቶች በአምስት ከፍለዋቸው ነበር። በአንደኛው ጫፍ ተራ ገበያ አለ፤ ገዢና ሻጭ ተገናኝተው ይለያያሉ። በሌላኛው ጫፍ ሁሉም ነገር የአንድ ድርጅት ነው፤ እንደ ሰፋፊ የሻይ እርሻዎች። በመካከል ካሉት አንዱ ግን ለአንተ ጉዳይ በጣም ይቀርባል። ትንሹ አምራች መሬቱም ተክሉም የራሱ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ትልቅ ገዢ ውጭ መሄጃ የለውም። «ምርኮኛ» ይሉታል። ቃሉ ይከብዳል፤ ግን በአንድ ፋብሪካ ዙሪያ ላለ የሻይ ገበሬ ልክ ነው።

ኬንያ ይህን ለመፍታት የሞከረችበት መንገድ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የሚደነቅ ነው። ችግሩን ከመናገሬ በፊት ይህን ማለት አለብኝ። በቅኝ ግዛት ዘመን ጥቁር ገበሬ ሻይ እንዲተክል አይፈቀድለትም ነበር። በሩ የተከፈተው የቅኝ ገዢው መንግሥት የግብርና ማሻሻያ ከሆነው ከ1954ቱ የስዊነርተን ዕቅድ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የአነስተኛ ገበሬዎች ፋብሪካ በ1957 ኒየሪ ውስጥ ራጋቲ ላይ ሥራ ጀመረ። ከነጻነት በኋላ በ1964 የኬንያ ሻይ ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሰዉ ኬቲዲኤ ይለዋል። የዓለም ባንክና የእንግሊዝ የልማት ኮርፖሬሽን ገንዘብ አበደሩ። ብዙዎች «ትንሽ ገበሬ ጥራት አይጠብቅም» ይሉ ነበር። ተሳሳቱ። «ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ» የሚለው የለቀማ ደንብ በጥብቅ ተያዘ። የትናንሽ ገበሬዎች ሻይ በጨረታ ላይ ከሰፋፊ እርሻዎቹ ሻይ የተሻለ ዋጋ ማምጣት ለመደ። ዛሬ ከ600,000 በላይ ገበሬዎች ቅጠላቸውን ለ70 ያህል ፋብሪካዎች ያስረክባሉ። ከሀገሪቱ ሻይ ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከእነሱ ማሳ ነው።

በ2000 ተቋሙ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ የግል ኩባንያ ሆነ። አንተ የሰማኸው «ፋብሪካው የገበሬው ነው» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ውሸት አይደለም። ገበሬው በአካባቢው የፋብሪካ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን አለው። የፋብሪካ ኩባንያዎቹ ደግሞ ተሰባስበው የኬቲዲኤ ባለቤቶች ናቸው። ከኬቲዲኤ ሥር ሻዩን የሚነግድ፣ የሚያሽግ፣ ኢንሹራንስ የሚያገናኝ፣ ብድር የሚሰጥ፣ ማሽን የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ኩባንያ አለ። ከላይ እስከ ታች ሲታይ የሁሉም መጨረሻ ባለቤት ማሳ ላይ ያለው ገበሬ ነው።

አሁን መሰላሉን ከታች ወደ ላይ ውጣው። ገበሬው የፋብሪካውን ዳይሬክተሮች ይመርጣል። ዳይሬክተሮቹ ፋብሪካውን ራሳቸው አይመሩትም፤ ከኬቲዲኤ ጋር የአስተዳደር ውል ይፈርማሉ። ኬቲዲኤ ሥራ አስኪያጅ ይልካል፣ ማዳበሪያ ያስመጣል፣ ሻዩን ይሸጣል፣ ሒሳቡን ይይዛል። ለዚህ አገልግሎት ከሽያጩ ላይ ክፍያ ይወስዳል። ማለትም ባለቤት የተባለው ፋብሪካ በራሱ ድርጅት ይተዳደራል፣ ይከፍለዋልም። ቁጥጥሩ ከታች ወደ ላይ መሄድ ሲገባው መረጃው ሁሉ ከላይ ነው ያለው። ገበሬው ዋጋ ለምን ወረደ ብሎ ዳይሬክተሩን ይጠይቃል። ዳይሬክተሩ ወደ ኬቲዲኤ ያመለክታል። ኬቲዲኤ ወደ ጨረታው ያመለክታል። ጨረታው ሞምባሳ ነው፣ ገበሬው እዚያ ሄዶ አያውቅም። አክሲዮን በእጁ ይዞ የበይ ተመልካች የሚሆነው እንዲህ ነው። ስለዚህ «በማን ላይ ነው የሚጮሁት?» ላልከው መልሱ፦ የእነሱ በሆነ ግን ውስጡን ማየት ባልቻሉት ቤት ላይ ነው።

ዳይሬክተር የሚመረጠው አንድ ሰው አንድ ድምፅ ተብሎ ነው ወይስ በአክሲዮን ብዛት? ይህ ጥያቄ እንኳ ኬንያ ውስጥ ዓመታት አከራክሯል። በታኅሣሥ 2020 አዲስ የሻይ ሕግ ወጣ። የወርሃዊ ክፍያውን ድርሻ፣ የአስተዳደር ክፍያውን ጣሪያና የሽያጩን መንገድ ሊያስተካክል የታሰበ ሕግ ነበር። ከፊሉ ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። ባለቤትነትን ከመዝገብ ላይ ማስፈር በአንድ ቀን ያልቃል። ባለቤቱ ሒሳቡን የሚያይበትን መንገድ ግን ከመጀመሪያው ካልሠራኸው፣ ከ20 ዓመት በኋላ በሕግ ልትጨምረው ስትሞክር እያንዳንዱ አንቀጽ ተከራካሪ አለው።

ስለ ጨረታው ትንሽ ልበል። የምሥራቅ አፍሪካ ጨረታ በ1956 ናይሮቢ ተጀመረ፣ በ1969 ወደ ሞምባሳ ሄደ። የኬንያ ብቻ አይደለም፤ የኡጋንዳ፣ የሩዋንዳ፣ የታንዛኒያና የሌሎች ጎረቤቶች ሻይ እዚያ ይሸጣል፣ የኛም ሄዷል። ሽያጩ በየሳምንቱ በዶላር ነው። ዋናው ገዢ ፓኪስታን ናት፤ ግብፅና እንግሊዝም ከትልልቆቹ ናቸው። ሻዩ የሚሸጠው በጅምላ ነው፤ በከረጢት፣ ስም ሳይኖረው። የሚቀላቀለው፣ የሚታሸገውና የንግድ ስም የሚለጠፍበት በአብዛኛው ሌላ ሀገር ነው። ትልቁ ገንዘብም የሚሠራው እዚያ ነው። የሊፕተንን ስም የያዘውን የዩኒሊቨር የሻይ ንግድ አስብ። በ2021 በ4.5 ቢሊዮን ዩሮ ለሲቪሲ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት እንደሚሸጥ ተነገረ። በዚያ ዋጋ ውስጥ ማሳና ፋብሪካም ነበሩበት፤ ዋናው የተገዛው ግን ስሙ ነው።

ሽያጩ በዶላር መሆኑ ራሱ ገበሬውን ይነካዋል። በ2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር ወደ 160 የኬንያ ሽልንግ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ ወደ 130 ወረደ። ሽልንጉ ሲጠነክር ሀገር ይደሰታል፣ የሻይ ገበሬው ግን ያው ቅጠል ያነሰ ሽልንግ አመጣለት። ማሳው ላይ አንድም ጥፋት አልሠራም። እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ከሌለ ገበሬው «ተሰረቅሁ» ቢል አልፈርድበትም።

መንግሥት ዋጋውን ከላይ ለመደገፍም ሞክሯል። በሐምሌ 2021 ለኬቲዲኤ ሻይ በኪሎ 2.43 ዶላር ዝቅተኛ የመነሻ ዋጋ ተቆረጠ። ዓላማው ደግ ነበር። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ሻይ ችግር አልገጠመውም። ከዚያ በታች የሚወጣው ግን ገዢ እያጣ መጋዘን ውስጥ ተከማቸ። በብዛት የተጎዱት ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ ያሉት እንደ ኬሪቾና ቦሜት ያሉ አካባቢዎች ናቸው። ሻያቸው በተለምዶ ከምሥራቁ፣ ከእነ ኪሪንያጋና ሙራንጋ፣ ያነሰ ዋጋ ያወጣልና። በ2024 መነሻ ዋጋው ተነሣ። ሻይ በመጋዘን ሲቆይ ደግሞ እንደ ጀንፈል አይደለም፤ ጣዕሙ እየደከመ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቦነሱ። የኬንያ ገበሬ ገንዘቡን በሁለት ቁራጭ ነው የሚያገኘው። በየወሩ በኪሎ የተወሰነች መነሻ ክፍያ አለች። ዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘግቶ ሒሳቡ ሲሠራ ደግሞ ትልቁ ክፍያ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። ቦነስ ይሉታል። ቃሉ እኔን ሁልጊዜ ያስቆጣኛል። ቦነስ ማለት ከደመወዝ በላይ የተጨመረ ስጦታ ነው። ይህ ግን የገበሬው የራሱ የቅጠል ዋጋ ነው፣ ወራት ዘግይቶ የመጣ። በመካከሉ ፋብሪካው የሚሠራው በገበሬው ገንዘብ ነው ማለት ነው። የማዳበሪያው ዕዳም ከዚያው ይቆረጣል።

ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተሰብ ይህን ሁሉ ወር መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በምዕራብ ኬንያ «ሶኮ ሁሩ» የሚባል ነገር አለ፤ በስዋሂሊ «ነጻ ገበያ» ማለት ነው። መኪና ይመጣል፣ ቅጠሉን ይመዝናል፣ ገንዘቡን እዚያው ወይም በቀናት ውስጥ ይሰጣል። ዋጋው ከዓመቱ ድምር ያንሳል። ጥራትም ብዙ አይጠየቅም። ፋብሪካዎቹ «ሕገወጥ» ይሏቸዋል። እኔ ግን ገበሬውን አልወቅሰውም። ልጁ ታሞ ሐኪም ቤት መውሰድ ያለበት ሰው የጥቅምት ገንዘብ ምን ያደርግለታል? ገበሬ ከውሉ ውጭ ሲሸጥ ካየህ መጀመሪያ የክፍያውን ቀን ተመልከት።

ሚዛኑን አልረሳሁም። በሻይ ሰንሰለት ውስጥ ትልቁ ሥልጣን ያለው አንዳንዴ ናይሮቢ ያለው አለቃ አይደለም፤ መሰብሰቢያ ጣቢያ ላይ የቆመው መዝጋቢ ነው። ለከረጢቱ፣ ለእርጥበቱ ተብሎ ኪሎ ይቆረጣል። ለምሳሌ ከየ20 ኪሎው 1 ኪሎ ቢቀነስ ትንሽ ይመስላል። በዓመት 4,000 ኪሎ ለሚያስረክብ ሰው ግን 200 ኪሎ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተለቀመ፣ ማንም ያልከፈለበት ቅጠል። የኬንያ ፋብሪካዎች ወደ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ያዞራቸው ይኸው ዓይነት ክርክር ነው። ደረሰኙ እዚያው ታትሞ ለገበሬው ሲሰጥ ብዙ ጭቅጭቅ ይበርዳል።

ደግሞ ደረሰኙ በማን ስም ነው? ኬንያ ውስጥ ቅጠሉን በብዛት የምትለቅመው ሴቷ ናት። የአስረካቢነት ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። ገንዘቡ ወደ እሱ ሲሄድ ለቀማው ይሰንፋል፣ አንዳንዷም ቅጠሉን በጎን ትሸጣለች። እናትህ ካሉ፣ አባትህ ከመፈረማቸው በፊት ይህን ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት። ከሁሉም ቀላሉና ከሁሉም የሚዘነጋው ይህ ነው።

ስለ እርሻ አያያዝ የምስክር ወረቀት አጭር ልበል። ዩኒሊቨር በ2007 ሻዩን የሬይንፎረስት አሊያንስ (እርሻው ተፈጥሮንና ሠራተኛን እንደሚጠብቅ የሚመሰክር ድርጅት) ማረጋገጫ ካላቸው እርሻዎች ለመግዛት ከወሰነ በኋላ የኬንያ አነስተኛ ገበሬዎችም ተከትለው ገቡበት። የመስክ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ ገበሬው ስለ ኬሚካል አያያዝና ስለ ለቀማ ብዙ ተማረ። ያ ጥሩ ነው። ግን ለመመዝገብና ለመመርመር የሚወጣው ጊዜና ወጪ ከታች ይቀራል፣ ደንቡ ግን ከላይ ይመጣል። ገዢው መሬትህ ላይ ሳይቆም መሬትህን ያዝዛል።

ከኬንያ ሌላ ማየት ያለብህ ስሪላንካን ነው። እዚያም አብዛኛው ሻይ ከአነስተኛ ገበሬዎች ነው የሚመጣው። ፋብሪካዎቹ ግን የእነሱ አይደሉም፤ ቅጠል እየገዙ የሚያቀነባብሩ የግል ፋብሪካዎች ናቸው። ገበሬውን የሚጠብቀው ቀመር ነው። የፋብሪካው ሻይ በጨረታ ካመጣው የተጣራ አማካይ ዋጋ 68 በመቶው ቅጠል ላቀረበው፣ 32 በመቶው ለፋብሪካው ይላል። የመንግሥት የሻይ ኮሚሽነር ይቆጣጠረዋል። ገበሬው አክሲዮን የለውም፣ ድርሻውን ግን ያውቃል። ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ደግሞ ፋብሪካዎች ተቀራርበው ስላሉ አንዱ ቢያስቸግረው ሌላ ጋ ይሄዳል።

ስሌቱን እንየው፣ ለአባትህም ይጠቅማቸዋል። አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ሻይ ለማግኘት ወደ 4.5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። ሻዩ ለምሳሌ በኪሎ 2.50 ዶላር ተሸጠ እንበል። ለ4.5 ስታካፍለው ከአንድ ኪሎ ቅጠል 56 የዶላር ሳንቲም ገደማ ወጣ። 68 በመቶው 38 ሳንቲም ገደማ ነው። ይህን ማስላት የቻለ ገበሬ በየወሩ ከተከፈለው ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ «ለምን?» ይላል። ማስላት ያልቻለ ግን የሚቀረው መጠርጠር ወይም ማመን ብቻ ነው።

ምርጫ ቢሰጠኝ፣ ጥርት ያለ ቀመር ያለው ግን አክሲዮን የሌለው ገበሬ ልሁን ወይስ አክሲዮን ይዞ ሒሳቡን የማያይ? የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ቢኖሩ ግን ከሁሉ ይሻላል፣ እሱን አልክድም።

እኛ ሀገር ሻይ ከተተከለ ወደ መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው፤ የጎሬ አካባቢ ሰዎች ታሪኩን ያውቁታል። ጉማሮ፣ ካፋ ውስጥ ያለው ውሽውሽ፣ ሸካ ውስጥ ያለው ጨዋቃ ሁሉም የተነሡት እንደ ሰፋፊ እርሻ ነው። በዙሪያቸው ቅጠል የሚያስረክቡ ገበሬዎች የመጡት በኋላ ነው። አሁን ደግሞ በኦሮሚያ ብዙ ችግኝ እየተተከለ ነው፣ አባትህም አንዱ ናቸው። የእኛ ልዩ ችግር ፋብሪካዎች ጥቂትና የተራራቁ መሆናቸው ነው። የስሪላንካው ገበሬ «ሌላ ጋ እሄዳለሁ» የሚለው እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚጻፈው ነገር ለአባትህ ከኬንያዊውም ከስሪላንካዊውም ይበልጥ ይከብዳል። ሀገራችን በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ አውጥታለች። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አግኝቶ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት።

ንቀሉት አትበላቸው። የሻይ ቁጥቋጦ በደንብ ከተያዘ ከ50 ዓመት በላይ ይለቀማል፤ የመጀመሪያዎቹን ከባድ ዓመታት አባትህ ጨርሰዋቸዋል። ግን መሬቱን በሙሉ ለሻይ እንዳይሰጡት እለምንሃለሁ። በቆሎውና ቡናው ይኑር። ያ ቦታ ነው አባትህ «ተወው» ለማለት የሚተማመኑበት።

ለብቻቸውም አይፈርሙ። በአካባቢው ሻይ የተከሉት ገበሬዎች በማኅበር ተሰባስበው አንድ ውል ይደራደሩ። ፋብሪካው 300 ገበሬ አንድ ላይ ቅጠል ቢያቆምበት ማሽኑ ይቆማል፤ እሱም እንደ እናንተ ሰዓት የሚጠብቅ እቃ ላይ ነው የተቀመጠው። ይህን አቅም አብዛኛው ገበሬ እንዳለው አያውቅም።

ውሉ ላይ ከሁሉ በፊት የምፈልገው የዋጋ ቀመሩን ነው። «ወቅታዊ ዋጋ» የሚል ቃል ብቻ ካለ አትቀበሉ። ዋጋው ከምን ጋር ታስሮ ነው የሚወጣው? ከሞምባሳ ጨረታ ጋር ነው ወይስ ፋብሪካው አዲስ አበባ ከሚሸጥበት ጋር? ምን ያህል በመቶ ለቅጠሉ? ከዚያ የክፍያው ቀን፣ በቁጥር ይጻፍ። ለእርጥበትና ለከረጢት የሚቆረጠው ኪሎ ይጻፍ። ቅጠል «ጥራት የለውም» ተብሎ ሲመለስ ገበሬው ባለበት ይሁን፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይሰጠው። የማዳበሪያው ዋጋ ከመረከባችሁ በፊት ይነገራችሁ። የማኅበሩ ተወካይ የፋብሪካውን የሽያጭ ሰነድ በዓመት አንዴ እንኳ የማየት መብት ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ውሎች ላይ የለም። መኪናው ባይመጣስ? ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ፣ ቅጠሉ ተለቅሞ መሰብሰቢያው ላይ ሲውልና ሲበላሽ ኪሳራው የማን ነው? ካልተጻፈ የገበሬው ይሆናል። መኪናው የሚደርስበት ሰዓት ውሉ ላይ ይግባ፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ለተበላሸው ቅጠል ፋብሪካው እንዲከፍል ጠይቁ። ውሉ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ እዚያ አንቀጽ ላይ ሂድና አንብብላቸው።